ሦስት ቴራው ዲስክ 746 ሲል

ሰርግ የሚያነሳ አንድ ወዳጅ አለኝ። የስድስት ዓመት ሥራው፣ የስንቱ ሰው የሰርግ ቀን፣ አንድ 3 ቴራባይት ሀርድ ዲስክ ላይ ተቀምጧል። ባለፈው ክረምት የሚሠራበት ኮምፒውተር ማዘርቦርዱ ተቃጠለበትና ለጊዜው ይሁነኝ ብሎ ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የኖረ አሮጌ ዴስክቶፕ አውጥቶ ዲስኩን ገጠመበት። ዊንዶውሱ ተነሳ፤ ዲስኩም ታየ። መጠኑ ግን 746 ጊጋባይት ይላል። ወዲያው ደግሞ ዲስኩን ለመጠቀም ፎርማት መደረግ አለበት የሚል መልእክት መጣ።

ጥገና ቤት ስንደርስ ልጁ ስክሪኑን አንድ ጊዜ አየት አደረገና ፈረደ። «ጋሼ፣ ይሄ ፌክ ነው። ላዩ ላይ 3 ቴራ ብለው ለጠፉበት እንጂ ውስጡ ሰባት መቶ ነው። ፎርማት ላድርገውና በሰባት መቶው ተጠቀሙበት።» ወዳጄ «ከሁለት ቴራ በላይ ፎቶ ሞልቼበታለሁ እኮ!» ቢለውም ልጁ «ፌኩ እንደዚያ ነው፣ የሞላ ያስመስላል፤ ፋይሉ ግን የለም» ብሎ መለሰለት። አልፈረድኩበትም። 512 ጊጋ ተብሎ ተሽጦ 8 ሆኖ የተገኘ ፍላሽ በየጊዜው የሚመጣለት ሰው ነው፤ ቁጥር ሲጎድል መጀመሪያ የሚጠረጥረው ሻጩን ነው። ግን እጁ ማውሱ ላይ፣ ቀስቱም ፎርማት የሚለው ላይ ነበር። እጁን ይዤ አስቆምኩት። 746ን ከዚህ በፊት አውቀዋለሁ።

ቁጥሩ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ የመቀነስ ውጤት ነው። 3 ቴራባይት የሚባለው ዲስክ ሴክተር በሚባሉ ትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ እያንዳንዱ 512 ባይት ይይዛል፣ ብዛታቸውም 5,860,533,168 ነው። አሮጌው ኮምፒውተር ላይ የነበረው የዲስክ ኮንትሮለር ድራይቨር ደግሞ ሴክተር የሚቆጥረው በ32 ቢት ነው። በ32 ቢት መቁጠር የሚቻለው እስከ 4,294,967,296 ድረስ ብቻ ነው። ከዚያ ሲያልፍ እንደ ድሮው የመብራት ቆጣሪ ዞሮ ከዜሮ ይጀምራል። ቆጣሪው አንድ ዙር ጨርሶ ሁለተኛውን ሲጀምር የቀሩት ሴክተሮች 1,565,565,872 ናቸው። ይህ በዊንዶውስ አቆጣጠር 746 ጊጋባይት ነው። ዲስኩ 4 ቴራ ቢሆን ኖሮ 1,678 ይል ነበር። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች የጥገና ባለሙያ ሁሉ ግድግዳው ላይ ቢለጥፋቸው ደስ ይለኛል።

ነገሩ መጠን አሳስቶ በማሳየት ቢያበቃ ኖሮ ምንም አልነበረም። ዞሮ ከዜሮ የሚጀምር ቆጣሪ ሲጽፍም ዞሮ ነው የሚጽፈው። ከ2 ቴራባይት ማዶ ሊቀመጥ የተላከ ፋይል ተመልሶ የዲስኩ መጀመሪያ ላይ ያርፋል። መጀመሪያው አካባቢ ያለው ደግሞ የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚነግረው ማውጫ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጉዳት በዊንዶውስ ኤክስፒ ዘመን ብዙ ሰው አቃጥሏል። በ2001 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የመጀመሪያው ኤክስፒ ዲስክ የሚቆጥረው በ28 ቢት ስለነበር ከ137 ጊጋባይት በላይ አያውቅም ነበር። በ2002 በሰርቪስ ፓክ 1 ባለ 48 ቢት አቆጣጠር ተጨመረለት። በዚያ መሃል ትልቅ ዲስክ ገዝተው በአሮጌ ሲስተም የተጠቀሙ ሰዎች 137 ጊጋው እስኪሞላ በሰላም ሠርተው፣ የሞላ ዕለት ዲስኩ በሙሉ ተደበላልቆባቸዋል። ዲስኩ ላይ አንድም የሜካኒክ ብልሽት አልነበረም።

አሮጌ ኮምፒውተር ላይ «ዲስኩ ሞቷል» ተብሎ ከሚፈረድበት ውስጥ ቀላል የማይባለው አልሞተም። ያረጀው በዲስኩና በዊንዶውሱ መሃል ቆሞ የሚያስተረጉመው ትንሽ ፕሮግራም ነው፤ እሱ ደግሞ መታደስ ይችላል። የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ምልክቱን ሳናነብ ቸኩለን ፎርማት ማድረጋችን። ሁለተኛውና የባሰው፣ ማደሻው ፋይል ራሱ ከአምራቾቹ ድረ ገጽ እየተነሳ መሆኑ ነው።

አስተርጓሚው አንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙ ሰው ግራ የሚጋባውም እዚህ ላይ ነው። ዲስኩ ራሱ አረንጓዴ ሰሌዳው ላይ ፈርምዌር የሚባል በውስጡ የተጻፈ ፕሮግራም አለው። ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ወይም በካርድ የተሰካው ኮንትሮለር የራሱ ፈርምዌር አለው፤ የማዘርቦርዱ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩን ከሚያስነሳው ፕሮግራም፣ ከባዮሱ፣ ጋር ተጠቅልሎ ስለሚመጣ ባዮስ ሲታደስ አብሮ ይታደሳል፣ ካርድ ከሆነ ግን ለብቻው ነው የሚታደሰው። ከዚያ በላይ ዊንዶውሱ ውስጥ ድራይቨሩ አለ። ባዮሱ ሲቆጠር አራት ናቸው፤ ብዙውን ጊዜም በተለያየ ዓመት በተለያየ ኩባንያ የተጻፉ ናቸው። አንዱ የማያውቀውን ነገር ሌላው ሲልክለት ዝም ይላል ወይም የተሳሳተ ይናገራል። የወዳጄ ኮምፒውተር ላይ ያረጀው የመጨረሻው ነበር። የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨር ከ10.1 በፊት ያለው ቅጂ ከ2 ቴራ በላይ አያውቅም። የመጀመሪያዎቹ 3 ቴራ ዲስኮች የወጡት በ2010 ነው። ዌስተርን ዲጂታል የመጀመሪያውን 3 ቴራ ካቪያር ግሪን ሲሸጥ ካርቶኑ ውስጥ አብሮ የኮንትሮለር ካርድ ያስቀምጥ ነበር። የሰዉ ማዘርቦርድ እንደማይችለው ያውቅ ነበር ማለት ነው።

ችግሩ መጠኑ ሳይሆን ጭራሽ የማይታይ ዲስክም አለ። ከ2003 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በብዙ ማዘርቦርድ ላይ የተሰካው የቪያ VT8237 ቺፕ ሳታ የሚባለውን የዲስክ መሰኪያ የሚያውቀው በመጀመሪያው ፍጥነት፣ በሴኮንድ 1.5 ጊጋቢት ብቻ ነበር። በኋላ የመጡት ባለ 3 ጊጋቢት ዲስኮች ሲሰኩበት ሁለቱ በፍጥነት ሳይግባቡ ይቀሩና ባዮሱ ዲስክ የለም ይላል። መፍትሔው የጥፍር ጫፍ የምታክል ጃምፐር ነበረች። ዲስኩ ጀርባ ላይ ሁለት ፒኖች ላይ ስትሰካ ዲስኩ ፍጥነቱን ወደ 1.5 ዝቅ ያደርጋል፣ ወዲያውም ይታያል። ይህን ባለማወቅ ስንት ደህና ዲስክ «አይሠራም» ተብሎ ወደ ሻጭ እንደተመለሰ አስቡት። ዛሬ በምንገዛቸው ኤስኤስዲዎች ላይ ጃምፐር የለም፤ ስለዚህ ያን ዘመን ማሽን በኤስኤስዲ ላፍጥነው የሚል ሰው ከመግዛቱ በፊት ቺፑን ማየት አለበት።

ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ ግን የሲጌት ባራኩዳ 7200.11 ታሪክ ነው። በ2008 መጨረሻ እነዚህ ዲስኮች በየአገሩ ያለ ማስጠንቀቂያ ይጠፉ ጀመር። ማታ በደህና የተዘጋ ኮምፒውተር ጠዋት ሲከፈት ዲስክ የለም ይላል። ድምፅ የለውም፣ አይንቋቋም፣ ሞተሩ በሰላም ይዞራል። በጥር 2009 ኩባንያው ጥፋቱ የፈርምዌሩ መሆኑን አመነ። ዲስኩ የሚያጋጥመውን ነገር ለራሱ የሚመዘግብበት አንድ የውስጥ መዝገብ አለው። የመዝገቡ ቁጥር 320 ላይ፣ ከዚያም በየ256ቱ ልዩነት፣ እንዳረፈ ኤሌክትሪክ ከተቋረጠ ችግር ያለበት ፈርምዌር በሚቀጥለው ሲነሳ ግራ ተጋብቶ ራሱን ይቆልፋል። ቁጥሩ ላይ ማረፍ የዕድል ጉዳይ ስለሆነ አንዱ ዲስክ በወሩ ሲቆለፍ ጎኑ ያለው ወንድሙ ዓመታት ይሠራል።

መክፈቻውን ያገኙት በየቤታቸው የተቀመጡ ሰዎች ናቸው። ዲስኩ ላይ ከሳታው ኬብል መሰኪያ አጠገብ አራት ትንንሽ ፒኖች አሉ። አብዛኛው ሰው የጃምፐር ቦታ ይመስሉታል፤ ከመካከላቸው ግን ዲስኩ ከፋብሪካ ሰዎች ጋር የሚነጋገርባቸው አሉባቸው። በጥቂት ሽቦና ዋጋዋ አነስተኛ በሆነች አንዲት መለወጫ ሰሌዳ ከሌላ ኮምፒውተር ጋር ያገናኙታል። ከዚያ የሰሌዳውን ብሎኖች ላላ አድርገው በሰሌዳውና በዲስኩ አካል መሃል ወረቀት ያስገባሉ። ወረቀቱ ግንኙነቱን ለጊዜው ስለሚከለክለው ዲስኩ የተበላሸውን መዝገብ ለማንበብ ሳይሞክር ይነሳል፤ ያኔ ትእዛዝ ይሰማል። ወረቀቱ ተስቦ ይወጣል፣ ብሎኑ ይጠብቃል፣ መዝገቡን የሚያጸዱ ጥቂት መስመር ትእዛዞች ይጻፉለታል። ኤሌክትሪኩ ጠፍቶ ሲበራ ዲስኩ አንድ ፋይል ሳይጎድልበት ይመለሳል። ወረቀት! የሰው ንብረት ሙሉ በሙሉ ጠፍቷል የተባለበት ዲስክ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ሲድን ካየሁ በኋላ «ሞቷል» የሚለውን ቃል ቶሎ አልናገርም።

ይኸው ታሪክ ሌላም ትምህርት አለው። ሲጌት ጥፋቱን ለማስተካከል አጣድፎ ካወጣቸው ፈርምዌሮች አንዱ ደህና የነበሩ የ500 ጊጋ ዲስኮችን ጭምር ከጥቅም ውጪ ስላደረገ ተነስቶ እንደገና ተሠርቶ ወጣ። የተቆለፈ ዲስክ ደግሞ አዲስ ፈርምዌር በመጫን አይከፈትም፤ መጀመሪያ መከፈት አለበት፣ ፈርምዌሩ የሚጫነው ከዚያ በኋላ ዳግም እንዳይቆለፍ ነው። ቅደም ተከተሉን ያዛባ ሰው ፋይሉንም ሊያጣ ይችላል።

ኤስኤስዲ ሲመጣ ይህ ሁሉ ይቀራል ብለን ነበር፤ አልቀረም። በ2012 መጀመሪያ ክሩሻል ኤም 4 የሚባለው ኤስኤስዲ 5,184 ሰዓት ከሠራ በኋላ በየሰዓቱ ይሰናከል ስለነበር አዲስ ፈርምዌር ወጣለት። በኖቬምበር 2019 ደግሞ ሂውሌት ፓካርድ ኢንተርፕራይዝ የባሰ ነገር ለደንበኞቹ አስታወቀ። አንዳንድ የሰርቨር ኤስኤስዲዎቹ 32,768 ሰዓት፣ ማለትም 3 ዓመት ከ270 ቀን ከ8 ሰዓት፣ እንደሞላቸው ይሞታሉ፤ ዲስኩም ላዩ ያለው ፋይልም አይመለስም። ቁጥሩን ለሚያውቅ ሰው ምክንያቱ ግልጽ ነው። ምልክት ያለው 16 ቢት ቆጣሪ የሚችለው እስከ 32,767 ነው፤ የሚቀጥለው ሰዓት ያፈሰዋል። በተከታዩ ዓመት በመጋቢት ወር ሌሎች ዲስኮች ላይ 40,000 ሰዓት ላይ የሚፈነዳ ተመሳሳይ ጉድለት ተገኘ። አስቡት እንግዲህ፦ በአንድ ቀን ተገዝተው አንድ ሰርቨር ውስጥ ጎን ለጎን የተሰኩ ዲስኮች በአንድ ቀን ሊሞቱ ነው። አንዱ ቢሞት ሌላው ይተካዋል ተብሎ የተሠራው አሠራር እዚህ ላይ ምንም አይፈይድም። ያገለገለ ሰርቨር ገዝቶ የመሥሪያ ቤቱን ሂሳብ የሚያስቀምጥ ሰው ስለ ዲስኮቹ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ስንት ሰዓት እንደሠሩና ፈርምዌራቸው የትኛው እንደሆነ ነው።

ታዲያ ሁሉንም ነገር ፈርምዌር ላይ ማላከክም ሌላ ስህተት ነው። አሮጌ ማሽን ላይ በጣም የማየው ጥፋት የሁለት ጣት ስፋት የሌላት ክብ ባትሪ ናት። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ሲአር 2032 ስታልቅ ባዮሱ የተስተካከለለትን ሁሉ ይረሳል። የሳታው አሠራር ኤኤችሲአይ ከሚለው ወደ አይዲኢ ይመለስና ዊንዶውሱ ገና ሲነሳ ሰማያዊ ስክሪን ያሳያል። ባለቤቱ ዲስኬ ሞተ ይላል፤ ጠጋኙ ዊንዶውስ ልጫንልህ ይላል። ሰዓቱና ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ከሆነ ምስክሩ እሱ ነው። ባትሪዋን ቀይሮ፣ ባዮስ ገብቶ አንዷን መስመር ወደ ነበረችበት መመለስ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሌላው ከውጭ ማቀፊያው ወጥቶ በቀጥታ የተሰካ ዲስክ ነው። አንዳንዶቹ ማቀፊያዎች ሴክተሩን በ4,096 ባይት አድርገው ስለሚያስተረጉሙ፣ ዲስኩ ከማቀፊያው ሲወጣ ባዶ ይመስልና ፎርማት ይጠይቃል። ወደ ማቀፊያው ሲመለስ ግን ፋይሉ ሁሉ በቦታው ነው።

ስለዚህ ማንም ሰው አሮጌ ማሽን ላይ ዲስክ ቢያስቸግረው መጀመሪያ እጁን ሰብስቦ እንዲያይ እመክራለሁ። ስክሪኑ ላይ ያለውን መጠንና የዲስኩን ሞዴል በስልክ ፎቶ ያንሳ። ኬብሉን ይቀይር፣ ሌላ መሰኪያ ይሞክር። ከዚያ ዲስኩን አዲስ ኮምፒውተር ላይ ይሰካውና ከታየ ከሁሉ አስቀድሞ ፋይሉን ይገልብጥ። የቀረው ከዚያ በኋላ ነው።

ፈርምዌር ማደስ የመጣ እንደሆነ እኛ አገር አንድ የተለየ አደጋ አለ፤ መብራት። ባዮስ በሚጻፍበት በዚያ በአንድ ሁለት ደቂቃ መሃል መብራት ከሄደ ማዘርቦርዱ ግማሽ የተጻፈ ባዮስ ይዞ ይቀራል፣ ዳግም ላይነሳም ይችላል። ዩፒኤስ አለኝ ማለት ብቻውን አይበቃም። የብዙዎቻችን ዩፒኤስ ባትሪው አልቆ ኤክስቴንሽን ሆኖ ነው የሚያገለግለው፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ከግድግዳው ነቅሎ አሥር ደቂቃ መቆሙን ማየት ያስፈልጋል። ያገለገሉ ላፕቶፖች ላይ ደግሞ ሌላ እንቅፋት አለ። ብዙዎቹ ባትሪያቸው በቂ ካልሞላ ባዮስ ማደስ አይፈቅዱም፤ ከዱባይ በካርቶን የሚመጡት ወይም ዘመድ በሻንጣ የሚልካቸው ላፕቶፖች ደግሞ ባትሪያቸው ደክሞ ነው የሚደርሱት። ችግር በሌለበት ደግሞ ባዮስ መነካካት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው፤ የወጣው ማሻሻያ የያዝነውን ችግር እንደሚፈታ በማብራሪያው ላይ ካልተጻፈ አልነካም።

ግን ችግሩ ኖሮ፣ መብራቱም ኖሮ፣ ፋይሉ ባይኖርስ? በ2014 ኤችፒ የፕሮላየንት ሰርቨሮችን ባዮስና ሙሉውን የማሻሻያ ጥቅል ዋስትና ወይም የአገልግሎት ውል ላላቸው ብቻ እንዲሆን ወሰነ። ኢንቴል በ2013 ከዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ሥራ መውጣቱን ካስታወቀ በኋላ በ2019 መገባደጃ የአሮጌ ማዘርቦርዶቹን ባዮስና ድራይቨሮች ከማውረጃ ገጹ አነሳ። ማይክሮሶፍትም በኦክቶበር 14 ቀን 2025 ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን ድጋፍ አቆመ። በየአገሩ ያሉ መሥሪያ ቤቶች ወደ ዊንዶውስ 11 መውጣት የማይችሉ ማሽኖቻቸውን ሲሸጡ ማሽኖቹ ገና ለብዙ ዓመት ወደሚያገለግሉበት ወደ እኛ ዓይነቱ አገር ይመጣሉ። ማሽኑ ገና ሥራ ሲጀምርልን አምራቹ መድኃኒቱን ከመደርደሪያ አንስቶ ይጥለዋል።

ኩባንያዎቹ የደኅንነትን ነገር ያነሳሉ፣ ከንቱ ክርክርም አይደለም። በፌብሩዋሪ 2015 የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያው ካስፐርስኪ፣ ኢኩዌሽን የሚባል ቡድን የታወቁ ኩባንያዎችን ሀርድ ዲስኮች ፈርምዌር እየለወጠ ውስጡ ይሰወር እንደነበር ይፋ አድርጓል። ዲስኩ ፎርማት ቢደረግ እንኳ የማይጠፋ ስለላ ነው። ከማይታወቅ ቦታ የተገኘ ፈርምዌር እንግዲህ በር ከፍቶ ሌባ ማስገባት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክርክሩ ወደ ሌላ ወገን ነው የሚያመዝነው። ሰውን ወደማይታወቅ ቦታ የሚገፋው ትክክለኛው ፋይል ከባለቤቱ ቤት መጥፋቱ ነው። ጥቂት ሜጋባይት የሆነ ፋይልን ማኖር የማንንም ኩባንያ ካዝና አያራቁትም። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 ያወጣው የሰርቨርና የመረጃ ማከማቻዎች ደንብ የመጨረሻው ፈርምዌር ምርቱ ከገበያ ከወጣ በኋላ ቢያንስ ለስምንት ዓመት በነፃ ወይም በተመጣጣኝ ዋጋ እንዲገኝ፣ የደኅንነት ማሻሻያው ደግሞ በነፃ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እንደሚቻል ማሳያው እሱ ነው። ጉድለቱ ተራው ሰው የሚጠቀምበትን ዴስክቶፕና ላፕቶፕ አለመንካቱ ነው፤ በእኔ እምነት መነካት ያለበትም ዋናው እሱ ነበር።

የወዳጄን ዲስክ በዚያው ዕለት የእኔ ኮምፒውተር ላይ ሰካነው። 2,794 ጊጋባይት አለ፤ ፎልደሮቹም በሙሽሮቹ ስም ተደርድረው ታዩ። ወዳጄ ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገረም። ፋይሉን ወደ ሌላ ዲስክ መገልበጡ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ወሰደ። የአሮጌውን ዴስክቶፕ ድራይቨር አምራቹ ገጽ ላይ ብንፈልገው የለም፤ እኔ ከዓመታት በፊት ያስቀመጥኩት ሲዲ ላይ ተገኘና ተጫነ። የጥገና ቤቱ ልጅም ማግስቱን ደውሎልኝ ያን ሲዲ ለመቅዳት ፍላሽ ይዞ መጣ።